ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥንድ ፎርማ

ኅዳር 9 ቀን

ለማግኔቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔም እትዬሽም ፈጣሪ ባይተወን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ጆሮዬም ብሶበታል፤ ሃምሳ ዓመት መዶሻ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ስለሆነ አልፈርድበትም። ስልኩን ተዪው ያልኩሽ ለዚሁ ነው። አንቺ እዚያ «ሃሎ» ስትዪ፣ እኔ እዚህ «ማነው?» ስል ካርድሽ ያልቃል። ደብዳቤ ግን አይጮኽብኝም፣ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ችግሩ ከሰኔ ወዲህ የሚነበብ ነገር አለመምጣቱ ነው። አምስት ወር ሙሉ ምን ዋጠሽ?

እዚህ ያለው ወሬ አንድ ነው። ሕንፃው ሊፈርስ ነው። ባለቤቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቁ ብሎ ለሁላችንም ወረቀት በትኗል። ከጎኔ ያለው ሰዓት ሠሪ ሌላ ቤት ፍለጋ ሲዞር ይውላል። እኔ ግን በቃኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወስፌ ስጨብጥ ቀጥ ይላል፣ ወስፌውን ሳስቀምጥ ይመለስበታል። ሥራው ሳይሆን እረፍቱ ነው ያስቸገረኝ ማለት ነው።

ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ጫማ እሠራለሁ፤ እሱም ያንቺ ነው። በእግርሽ ልክ የጠረብኩት የእንጨት ፎርማሽ ከበሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ነው። «ማግኔት፣ 37» ብዬ በእርሳስ የጻፍኩበት አልጠፋም። ነገር ግን ስትሄጂ የሠራሁት የአሥራ ስምንት ዓመት ፎርማ ነው፣ እግር ደግሞ እንደ ፊት ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። በየዓመቱ ልክሽን ላኪ እያልኩ ስለምንሽ፣ አንቺም ዛሬ ነገ ስትዪ ኖረናል። አሁን ነገ አልቋል። ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተሽ በሁለት እግርሽ ቁሚ፣ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ይሳልልሽ። ከዚያ በክር ጣቶችሽ ሥር፣ እግርሽ ጀርባ ላይና ተረከዝሽ ዙሪያ ለክተሽ ቋጥሪበት። ለቀኝ አንድ ክር፣ ለግራ አንድ ክር።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት መምህርት ታኮ ልታስቀይር መጥታ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን እንጨት ሁሉ አየችና ምንድነው አለችኝ። ፎርማ ይባላል፣ የሰው እግር ቅርጽ ነው፣ ጫማውን እሱ ላይ ወጥረን ነው የምንሠራው አልኳት። ቃሉ የየት ነው፣ ምን ማለት ነው አለችኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ ፎርማ ሲል ሰማሁ፣ እኔም ፎርማ አልኩ፣ በዚያው አለቀ። በቀን መቶ ጊዜ የምጠራውን ነገር አላውቀውም ማለት እኮ ነው። አንቺ መጽሐፍ በሞላበት አገር ነሽና ፈልጊልኝ። ሱቁን ስዘጋ ምን እንደዘጋሁ ልወቅ።

ጋሼሽ፣ ጫማ ሠሪው

ታኅሣሥ 21 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ጉልበትዎን ሳያስቸግር፣ ካሉበት ይድረስልኝ። እትዬንም ሁለቱን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እኔ ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ከልብስ ማጠቢያው ሥራዬ ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት ስለወሰድኩ ቀኑን የማሳልፈው ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ አንዲት መነጽሯ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ባልቴት አለች። መጽሐፉን ሁሉ እኔ ተቀምጬ እሷ ናት እየተመላለሰች የምታመጣልኝ። ጥያቄዎን ስነግራት ከእኔ በላይ ተደሰተች።

ቃሉ ላቲን ከሚባለው የጥንት ቋንቋ የመጣ ነው። ቅርጽ ማለት ነው፤ ደግሞም አንድ ነገር ቅርጹን የሚይዝበት ማንኛውም ዕቃ ማለት ነው። ከዚያ ቋንቋ ለብዙ ቋንቋዎች ተዳርሶ፣ በአንዱ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ መጣ። አሁን የሚያስደስትዎትን ልንገርዎ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ጫማ ሠሪዎችም ያንኑ ዕቃ ፎርማ ነበር የሚሉት። እርስዎም ሳያውቁት ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ነው ሲጠሩት የኖሩት። እነዚያ ሰዎች ቢነሱና ሱቅዎ ቢገቡ፣ ሌላው ሁሉ ግራ ቢገባቸው በዚህች አንዲት ቃል ትግባባላችሁ።

ሱቁ ይፈርሳል ያሉትን ሳነብ ግን ልቤ ተሰበረ። የእናቴ የአጎት ልጅ መሆንዎን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ በልጅነቴ የማውቀው ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው እርስዎ ዘንድ መሆኑን ብቻ ነበር። ያችን በሲባጎ የታሰረች ማግኔት ከበርጩማዎ ሥር እየጎተትኩ ምስማር ስለቅም፣ እርስዎ አፍዎ ምስማር ሞልቶ በጥርስዎ መሐል ሲያወሩ፣ ማስቲሹ ሲሸት። አንድ ቀን አስነጥስዎት ምስማሩ ሁሉ የደንበኛ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ሳቅ እንዴት እንደገደለን። ዛሬም የሆነ ቦታ ማስቲሽ ከሸተተኝ ቆም እላለሁ።

የእግሬን ልክ በሚቀጥለው እልካለሁ።

ማግኔትዎ

ጥር 12 ቀን

ለማግኔቴ፤

ጤናሽ ይብዛልኝ፣ ዕድሜሽ ይርዘምልኝ። ደብዳቤሽን ለሰዓት ሠሪው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁለት ሺህ ዓመት የምትለው ጋ ስደርስ ደግመህ አንብብ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስዘጋ ስከፍት «የሁለት ሺህ ዓመቱ ሰውዬ» እያለ ያሾፍብኛል። ቀንቶ ነው፤ የሱ ሥራ ያን ያህል አልቆየም።

እኔም ቃሉን ካወቅኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ግድግዳውን ቆጠርኩት፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥንድ ነው። እትዬሽ ማገዶ ይሁን ባይ ናት። እኔ ግን ለየባለቤቱ ለመመለስ ወሰንኩ። ጠዋት ጠዋት አምስት ስድስቱን ከረጢት ውስጥ አድርጌ እወጣለሁ። ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ይቀበሉኛል። ባለፈው ማክሰኞ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ያ አውራ ጣቱ እንደ ድንች ያበጠው፣ ታስታውሺዋለሽ። ሚስቱ በሩን ከፍታ እንጨቱን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከዚያ አውራ ጣቱን በመዳፏ ሸፈነችውና፣ «እንዲህ ስይዝለት ነበር የሚሻለው» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ራሴን እየነቀነቅኩ ተመለስኩ።

ያንቺንም አውርጄ አየሁት። ግራው ላይ በትንሿ ጣት በኩል የለጠፍኳት ቁራጭ ቆዳ አልተነቀለችም። መዶሻዬ ያመለጠኝ ቀን ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ጣትሽ ተሰብሮ አብጦ በዚያው ቀረ። ለእናትሽ በር መታኝ ብለሽ ዋሸሽልኝ፤ እኔም ፈሪው ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለዚያች ጣት ቦታ ሳልተው ጫማ ሠርቼልሽ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም። ዝም ያልሽው ሥራ በዝቶብሽ ከሆነ ዕረፍቱን ከየት አመጣሽው? የእግርሽን ልክ ላኪ።

ጋሼሽ

መጋቢት 3 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ጤናና ዕድሜ ከቤትዎ አይጥፋ። ስለቆየሁ አይቀየሙኝ።

የዳኛውን ሚስት ነገር ሳነብ አለቀስኩ፤ ባልቴቷም ምን ሆነሽ ብላ ስትጠይቀኝ ተረጎምኩላት፣ እሷም መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ በኋላ ሌላ ክምር መጽሐፍ ይዛ መጣች። የቃሉ ዘመድ መብዛቱ ጉድ ነው። በጥንቱ ቋንቋ ፎርማ ቁንጅናም ማለት ነበር፤ ቅርጹ ያማረ ሰው ባለ ፎርማ ነው። ፎርሙላ ማለት ትንሿ ፎርማ ነው። ዩኒፎርም ማለት አንድ ፎርማ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ልክ የለበሰው ማለት ነው። ይህን ግን ለእትዬ ይንገሯቸው፦ ፎርማጆ የሚባለው አይብም ከዚሁ ነው የመጣው። ወተቱ ረግቶ በቅርጽ ማውጫ ስለሚጠፈጠፍ በዚያው ስም ቀረ።

የምንሞላው ፎርምም ያው ነው። መልሱ የሚፈስበት ቅርጽ ስለሆነ ይመስለኛል። ባለፈው ወር ብቻ አሥራ አንድ ፎርም ሞላሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ አዎ ወይም አይደለም። ሰው እንዲህ ተከፋፍሎ ወረቀት ላይ ሲገባ ከወዲያ በኩል የሚወጣው ራሱ መሆኑን ማን ያውቃል? እርስዎ ግን ሰውን በሳጥን ሳይሆን በክር ነበር የሚለኩት።

ስለ ትንሿ ጣቴ ይተዉት። ያኔም አላመመኝም፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ አያመኝም።

እዚህ ብርዱ አልወጣም። ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ።

ማግኔትዎ

መጋቢት 20 ቀን

ለማግኔቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እትዬሽ ፎርማጆና ጫማ ዘመድ መሆናቸውን ስነግራት፣ «ሽታቸው ያስታውቃል» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ባለ ፎርማ ማለት ቆንጆ ነው ያልሽውንም ሰምታለች፤ አንተ ሃምሳ ዓመት ይዘኸው ኖረህ ምነው ትንሽ አልተጋባብህ አለችኝ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ስለ ቃሉ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኛል፤ ስለ እግርሽ አንድ መስመር የለም። ቃሉን የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ፣ ስለነገርሽኝም ተመስገን። አሁን ግን ከቃሉ ጀርባ የተደበቅሽ ይመስለኛል። አሥራ አንድ ፎርም የሚያስሞላ ምን ጉዳይ ገጠመሽ? የሥራ ነው? የቤት ኪራይ ነው? አልቆጣም፣ ንገሪኝ።

ቆዳው ደርሷል። ቡናማ ነው፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ። ግድግዳው ላይ ስልሳ ጥንድ ቀርቷል። እጄ ዘንድሮን እንጂ ከርሞን አይሰጠኝም፤ ይህን ጫማ ሳልሠራ በሩን ከዘጋሁት ሱቁን የዘጋሁ አይመስለኝም። ልኩ በሚያዝያ ካልደረሰኝ አልደርስም።

ጋሼሽ

ሚያዝያ 15 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? ያዘዙኝን ይኸው ልኬአለሁ። ጎረቤቴ ናት የሳለችልኝ። ሁለቱም ክሮች ከወረቀቱ ጋር ተያይዘዋል፤ ቀይዋ የቀኝ፣ ነጯ የግራ።

የቃሉን መጨረሻ ፈልገን አጣነው። ከላቲን በፊት ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ከግሪክኛ ተወስዶ ፊደሎቹ ቦታ የተለዋወጡበት ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ አይመስለንም ይላሉ። ባልቴቷ መጽሐፉን ዘግታ፣ እንግዲህ እስከዚህ ነው የሚታወቀው አለችኝ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጫማውን ለመሥራት አይድከሙ፣ ካልቻሉ ይቅር።

ማግኔትዎ

ሚያዝያ 29 ቀን

ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አራተኛውን እትዬሽ አጠገቤ ተቀምጣ ጻፍ ስላለችኝ ጻፍኩት።

ወረቀትሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መቁረጥ ልጀምር ነበር። ቀኝሽ አውራ ጣት ጋ ሲደርስ የሳለው ሰው እጁ ትንሽ ዘልሏል። ግራሽም ላይ እዚያው ቦታ፣ ያችው ዝላይ አለች። ክሮቹን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው፤ ቋጠሮዎቹ በፀጉር እንኳ አይበላለጡም። ሃምሳ ዓመት ስለካ ሁለት እግሩ እኩል የሆነ ሰው አላጋጠመኝም። ንጉሥም ቢሆን አንዱ ይበልጣል። ወረቀቱን ገልብጦ መስኮት ላይ አድርጎ የሳለ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ባይኖር ደግሞ ትንሿ ጣት አለች። ግራው ላይ እብጠቷ የለችም። ጋሼ አያስተውልም ብለሽ ነው? እኔ የሰበርኳትን ጣት?

ከዚያ የቀሩትን ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም ሳትዪ ደብዳቤ ጀምረሽ አታውቂም። በታኅሣሡ ላይ አለ። በመጋቢቱ የለም። በሚያዝያውም የለም። መጽሐፉን ተቀምጬ ያመጡልኛል ያልሽውም፣ አሥራ አንዱ ፎርምም፣ አሁን ጭራሽ አያመኝም ያልሽውም ገባኝ።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ብሳሳት ደስታዬ ነው። ካልተሳሳትኩ ግን ስሚኝ። በልጅነትሽም ስትጎጂ የዋሸሽው እኔ እንዳልከፋ ብለሽ ነበር። ያኔ ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፣ ዛሬ ዝም አልልም። በግራ በኩል የምትቆሚበት ነገር ካለ፣ እንጨት ይሁን ፕላስቲክ ይሁን፣ እሱን ወረቀት ላይ አቁመሽ ሳዪና ላኪልኝ። የምታፍሪበት ነገር የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጫማ ስወጥር የኖርኩት በእንጨት እግር ላይ ነው።

ጋሼሽ

ግንቦት 18 ቀን

ለጋሼዬ፤

አልተሳሳቱም።

ስኳር እንዳለብኝ ከነገሩኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ከሱቅ አንድ ጫማ ገዛሁ። ግራው ተረከዜን ይልጠው ነበር፣ ይለምዳል ብዬ ቆሜበት ዋልኩ። እርስዎ ጫማ እንጂ እግር መልመድ የለበትም ሲሉኝ ነው ያደግኩት፤ ታዲያ አውቄ ነው የረሳሁት። ቁስሉ አልድን አለ። ወደ ላይ ወጣ። በመስከረም ግራ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆረጡት።

ለምን እንዳልነገርኩዎት ያውቁታል። በየዓመቱ ልክሽን ላኪ ብለውኝ እኔ ዛሬ ነገ ስል ነው ይህ የደረሰው። ብነግርዎ፣ ጫማውን ቀድሜ በሠራሁላት ኖሮ እያሉ ራስዎን ሲበሉ ታየኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ደግሞም አፈርኩ። የጫማ ሠሪ ልጅ በጫማ እግሯን አጣች ቢባል ማን ያምናል?

በታኅሣሡ ደብዳቤ ላይ የጎደለኝ ነገር የለም ብሎ የጻፈው የለመደ እጄ ነው። ከጻፍኩት በኋላ አየሁትና ልሰርዘው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ያንን መስመር ደግሜ መጻፍ አቃተኝ።

ሰው ሠራሽ እግር በጥር ሰጥተውኛል። ይኸው፣ ወረቀት ላይ አቁሜ ሳልኩት። የዛሬው ሥዕል እውነተኛ ነው፤ ባልቴቷ መሬት ላይ ተንበርክካ ነው የሳለችልኝ። እግሩን የሠራልኝ ባለሙያ፣ ታኮው ከሁለት ሳንቲ ሜትር መብለጥም ማነስም የለበትም፣ ያለዚያ አካሄድሽ ይዛባል ይላል። ከሱቅ የገዛሁት ሁሉ ወይ ይሰፋኛል ወይ አይገባም። ስለዚህ ብዙ አልወጣም፤ ከቤት ቤተ መጻሕፍት፣ በዚያው ወደ ቤት።

ጫማው ይቅር ያልኩት ውሸቴን ነው። እፈልገዋለሁ።

ማግኔትዎ

ሰኔ 20 ቀን

ለልጄ፣ ለማግኔቴ፤

እትዬሽም እኔም አልቅሰን ጨርሰናል፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን ተረጋግቼ ነው የምጽፈው።

ጥፋቱን ልካፈልሽ ፈልጌ ነበር። ልክ እየጠበቅኩ ከምቀመጥ በድሮው ፎርማ ሠርቼ ልልክልሽ እችል ነበር ብዬ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እትዬሽ፣ «ስትጨርስ ወደ ሥራህ ተመለስ» አለችኝ። ተመለስኩ።

ጫማሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ቀኙን ስሠራ ውስጡ ስፌት እንዳይነካሽ ገበሩን ከአንድ ወጥ ቆዳ አድርጌዋለሁ፤ ስኳር ላለበት እግር እንዲህ ነው የሚሠራው። ለግራው አዲስ ፎርማ ጠረብኩ፤ እንደሱ ያለ ጨዋ እግር አይቼ አላውቅም፣ አያብጥ፣ አይቆጣ፣ ልኩ ላይ ቁጭ። ታኮው ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ባለሙያው በማስመሪያ ይለካው፣ ካገኘብኝ ይጻፍልኝ። እጄ እስከ መጨረሻው ስፌት ድረስ አልተንቀጠቀጠም።

ሱቁን ትናንት ዘጋሁ። ቁልፉን ሳስረክብ ይከፋኛል ብዬ ነበር፣ ከፋኝም። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀረ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ጥንድ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ባለቤቱም ዘመዱም የጠፋውን ሰዓት ሠሪው ወሰደልኝ፣ አዲሱ ሱቁ ውስጥ ሊሰቅለው ነው።

የቀረው ያንቺ ነው። ቀኙን እኔ ዘንድ አስቀርቼዋለሁ። ግራውን እትዬሽ በነጠላዋ ጠቅልላ ከጫማው ጋር አድርጋልሻለች። ፎርማ ማለት አንድ ነገር ቅርጹን የሚይዝበት ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ? የግራ እግርሽ እኔ ጋ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሄድሽበት ሁሉ አልተከተለሽም፤ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ቆየሽ። ትንሿ ጣትም እንዳበጠች አለች።

ጋሼሽ

ሐምሌ 16 ቀን

ለጋሼዬና ለእትዬ፤

እሽጉ ትናንት ደረሰ። መጀመሪያ የከፈትኩት ነጠላውን ነው። እንጨቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንሿን ጣት በመዳፌ ሸፈንኳት፣ እንደ ዳኛው ሚስት። ማስቲሹ አሁንም ይሸታል። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ከዚያ ጫማውን አደረግኩና ቆምኩ። ቤተ መጻሕፍቱን አልፌ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ወንዙ ዳር እስካለው አግዳሚ ወንበር ሄድኩ። ከመስከረም ወዲህ ያን ያህል ርቄ አላውቅም። ስመለስም ጫማውን ለማውለቅ አልቸኮልኩም። ባለሙያው ታኮውን በማስመሪያ ለክቶ ማን ነው የሠራው አለኝ፤ የሁለት ሺህ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነው አልኩት።

ግራ እግሬን ከበሬ ጀርባ፣ ምስማር መትቼ፣ ሰቅዬዋለሁ። ስወጣም ስገባም አየዋለሁ።

በዚህ ደብዳቤ አናት ላይ መጻፍ የነበረብኝን መስመር እዚህ አደረስኩት፤ እጄ ሳይሆን እኔ ነኝ የምጽፈው። ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

ማግኔትዎ